ክረምትና ተራራ፦ ሚኒባስ ውስጥ የሚባለው እና ተራራው ላይ ያለው

ከፒያሳ ቀና ብሎ ለሚያየው እንጦጦ የከተማው የጓሮ አጥር ይመስላል። ቅርበቱ ያዘናጋል። እሑድ ንጋት ላይ መስቀል አደባባይ ተሰብስበው ወደ እንጦጦ፣ ወጨጫ ወይም የረር የሚሄዱ ተጓዦች ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜም አይጠፉም፤ ክፋትም የለውም፣ ተራራው በክረምት አረንጓዴ ነው። ችግሩ ስለ አየሩ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉት አባባሎች ናቸው።

«ከተማው 18 ዲግሪ ከሆነ ተራራውም ያው ነው»

አይደለም። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። መስቀል አደባባይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የወጨጫ ጫፍ 3,391 ሜትር። ልዩነቱ ወደ 7 ዲግሪ ይጠጋል። ባሌ ሳኔቲ ላይ፣ 4,000 ሜትር አካባቢ፣ ከ10 ዲግሪ ያልፋል። ይህ ደግሞ ነፋስን ሳይጨምር ነው። 5 ዲግሪ የሆነ አየር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነፋስ ሲጨመርበት ገላ ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ያህል ሆኖ ነው። እሱም ደረቅ ገላ ላይ።

ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በምሳ ሰዓት ነው። ሽቅብ ሲወጣ ላብ ያጠመቀው ሰው ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ለፎቶ የሚያምረው ገላጣ ቦታ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ይቆርሳል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ጣቶቹ ዚፕ መዝጋት ያቅታቸዋል። ጃኬት የሚወልቀው ላብ ሳይጀምር፣ የሚለበሰው ደግሞ ብርድ ሳይሰማ፣ ገና እንደቆሙ ነው። ምሳ ከነፋሱ በተከለለው የተራራው ጎን ይበላ።

«ብርድ የሚገድለው ውርጭ ሲኖር ነው፤ ክረምት ላይ ውርጭ የለም»

የመጨረሻው ግማሽ ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። የደጋው ውርጭ የኅዳርና የታኅሣሥ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ የቀኑን ሙቀት ሌሊቱን ወደ ላይ ይለቀዋል። የክረምት ደመና ግን መሬቱን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያድራል። ስለዚህ የክረምት ሌሊት ከበጋው ሌሊት ሊሞቅ ይችላል።

የመጀመሪያው ግማሽ ግን አደገኛ ስህተት ነው። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች እንዲወርድ ውርጭ አያስፈልግም፤ 8 ወይም 10 ዲግሪ አየር፣ የረጠበ ልብስና ነፋስ ይበቃሉ። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፈጠነ ሁኔታ ይወስዳል። ምልክቶቹ በቅደም ተከተል ይመጣሉ፦ መንቀጥቀጥ፣ የእጅ አለመታዘዝ፣ መደናቀፍ፣ የአንደበት መተሳሰር፣ ግራ መጋባት። በዚህ ጊዜ ሰውየው ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ቃሉን ሳይሆን አረማመዱን እመኑ። እየባሰበት ሄዶ መንቀጥቀጡ ሲቆም ዳነ ማለት አይደለም፤ ሰውነቱ ሙቀት መሥራት አቅቶታል።

ከነፋስ ከልሉት። እርጥቡን ልብስ አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፤ ራሱንና አንገቱንም ሸፍኑ። ከሥሩ ቦርሳ፣ ገመድ ወይም ቅጠል አንጥፉ፣ ርጥብ መሬት ከላዩ ካለው አየር ይልቅ ሙቀቱን ይወስድበታልና። አፉን በደንብ የሚያንቀሳቅስና መዋጥ የሚችል ከሆነ ጣፋጭ ሻይ ወይም በማር የተበጠበጠ በሶ ስጡት። እጅና እግሩን አትሹ፤ ከእሳት ጋርም አታስጠጉት። ግራ የተጋባውን ወይም መንቀጥቀጥ ያቆመውን ሰው ማስሮጥ ልቡን ይጎዳል፤ በጥንቃቄ ተሸክሞ ማውረድ ነው።

«ጋቢ ካለ ምን ብርድ አለ?»

ጋቢ ጥጥ ነው። ደረቅ ሲሆን የሚስተካከለው የለም፤ ዝናብ ሲመታው ግን ውሃውን ይዞ ይከብዳል፣ በክሮቹ መካከል የነበረው አየር ይወጣል፣ ገላ ላይም ይለጠፋል። ጂንስ ሱሪና ቲሸርትም ከዚሁ ወገን ናቸው። የመንዝ ሰው ይህን ከማንም በፊት ያወቀው ይመስላል፤ በርኖሱና ባናው የበግ ሱፍ ናቸው፣ ሱፍ ደግሞ ረጥቦም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል።

ለቀን ጉዞ የሚበቃው ውድ ዕቃ አይደለም። ከመርካቶ ልባሽ ተራ የሚገኝ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ አንድ ትርፍ ሹራብና ሁለት ጥንድ ካልሲ። ትርፉ ልብስ ፌስታል ውስጥ ገብቶ አፉ በደንብ ይታሰር። የከተማ ቦርሳ ውሃ ያስገባል፤ ይህን ብዙ ሰው የሚያውቀው ደረቅ ልብስ ሲፈልግ ነው።

«አረቄ ያሞቃል»

ቆዳን ያሞቃል፣ ሰውን ያቀዘቅዛል። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሞቃቱ ደም ከመሐል ወደ ላይ ይወጣና ሙቀቱን ለአየሩ ይሰጣል። የሚሰማው ሙቀት እየወጣ ያለው ሙቀት ነው። መንቀጥቀጥንም ስለሚያዳክም ሰውነት መከላከያውን ያጣል። አረቄው ለመመለሻ፣ እሳት ዳር ይቆይ።

«ጠዋት ብራ ከሆነ ቀኑ ብራ ነው»

በክረምት ብራ የሆነ ጠዋት ለከሰዓቱ ዝናብ ዝግጅት ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ተዳፋቱን ታሞቃለች፣ እርጥቡ አየር ተራራውን ተከትሎ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። 4 ሰዓት ላይ እንደ ተነደፈ ጥጥ የተበታተነው ደመና 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ወደ ላይ ተቆልሎ፣ ሥሩ ጠቁሮ ይታያል። ድንገት የሚመጣ ቀዝቃዛ ነፋስ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከደመናው የወረደ አየር ነው፣ ዝናቡ ወይም በረዶው ከኋላው ይከተላል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መነሳት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ጫፍ ተደረሰም አልተደረሰም መመለስ።

ስልክ ላይ ያለው ትንበያም መልኩ ያሳስታል። «አዲስ አበባ» ተብሎ የሚሰጠው ቁጥር የከተማው እንጂ የተራራው ጫፍ አይደለም። «30 በመቶ ዝናብ» ማለትም የቀኑ 30 በመቶ ይዘንባል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ከተተነበየባቸው 10 ቀናት በ3ቱ ይዘንባል ማለት ነው።

«መብረቅን ቀይ ልብስና ሞባይል ይስባሉ፤ ዛፍ ሥር ግን ደህና ነው»

ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። መብረቅ ቀለምም ሆነ ሞባይል አይመርጥም። የሚመርጠው ከፍ ብሎ ለብቻው የቆመን ነገር ነው፦ ገላጣ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው፣ ወይም ለብቻው የበቀለ ረጅም ባሕር ዛፍ። ዛፉ ሲመታ ኤሌክትሪኩ ከግንዱ ወደ ተጠጋው ሰው ይዘላል፤ በሥሩም በኩል በመሬት ይሰራጫል። ጃንጥላ ቁመት ስለሚጨምር ይታጠፍ።

ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሩ። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር አይርቅም፤ ጫፉን ለቃችሁ ውረዱ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳያልፍም አትመለሱ። አስተማማኙ መጠለያ ግድግዳና ጣሪያው የተሟላ ቤት ወይም መስኮቱ የተዘጋ ሚኒባስ ነው። ዳስና የዋሻ አፍ አያስጥሉም። የሚገባበት ከጠፋ ከጫፉ ወርዳችሁ ተበታተኑ፣ ቢያንስ 15 ሜትር ተራራቁ፤ አንድ ብልጭታ ሁሉንም እንዳይጥል። አትተኙ፣ እግር ገጥማችሁ ቁጢጥ በሉ። ይህ ግን የመጨረሻ አማራጭ እንጂ መጠለያ አይደለም።

በመብረቅ የተመታን ሰው መንካት ያስፈራል የሚባለውም ውሸት ነው። ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ የለም። ካልተነፈሰ ወዲያው ደረቱን መሐል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መጫን ይጀመር፤ ትንፋሽ መስጠት የሚችል ካለም በየ30 ጫና ሁለት ጊዜ ይስጥ። የተመቱት ብዙ ከሆኑ እየተነፈሱ ከሚጮኹት በፊት ዝም ያለው ይታይ።

«እኔ ጋ ካልዘነበ ወንዙ አይሞላም»

የአራት ኪሎ ሰው ቀበናን ከድልድይ ላይ ያየ እንደሆነ ይህን አይልም። ዝናቡ እንጦጦ ላይ ይወርዳል፣ ጎርፉ ፀሐይ ባለበት ሰፈር ያልፋል። ጅረት ስትሻገሩ ውሃው መደፍረሱን፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣቱን፣ ድንጋይ ሲንከባለል መሰማቱን ተመልከቱ። ከነዚህ አንዱ ካለ ከጅረቱ ዳር ራቁ። ከጉልበት በላይ የሆነ ፈጣን ውሃ አይገባበትም። የአጭር ተዳፋት ጎርፍ እንደመጣው ቶሎ ይጎድላል፤ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ይሻላል። መሻገር የግድ ከሆነ የቦርሳው የወገብ ማሰሪያ ተፈትቶ፣ ፊት ወደሚመጣው ውሃ ዞሮ፣ በዱላ እየተደገፉ ነው።

«ኢትዮጵያ ውስጥ በረዶ አይጥልም»

ግራ መጋባቱ ከቋንቋችን ይጀምራል፤ ከደመና እንደ ጠጠር የሚወርደውንም እንደ ጥጥ የሚዘንበውንም «በረዶ» እንላለን። ሁለተኛው ብርቅ ቢሆንም ሰሜን ተራሮች ላይ አልፎ አልፎ ይጥላል። የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ በሰሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ እንደሚገባ ይናገራል። ለአዲስ አበባ ዙሪያ ተጓዥ የሚያሳስበው ግን ጠጠሩ ነው፤ ቁልቁለቱን በደቂቃዎች ውስጥ የኩሽኔታ ኳስ እንደተበተነበት አንሸራታች ያደርገዋል። እስኪቀልጥ ቁሙ።

«ጉም ቢመጣ ስልኬ ይመራኛል»

ባትሪ በብርድ ይደክማል፤ 40 በመቶ የሚያሳይ ስልክ ድንገት ሊጠፋ ይችላል። ከውስጠኛው ኪስ፣ ገላ አጠገብ ይቀመጥ፤ ካርታው ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ከቤት ሳይወጣ ይውረድ። ጉም ሲወርድ ቡድኑ እርስ በርስ በሚተያይበት ርቀት ይሰብሰብ፣ ቀርፋፋው ከፊት ይሁን። መንገዱ ከጠፋ «ወንዙን ተከትለን እንውረድ» የሚለው ሐሳብ ወደ ገደል ሊወስድ ይችላል፤ እስከሚታወቀው የመጨረሻ ቦታ ድረስ በመጡበት መመለስ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሲደወል ቅድሚያ የሚነገረው የሰፈሩ ወይም የቀረበው ቤተ ክርስቲያን ስም፣ ከዚያ መኪና የሚደርስበት ቦታ፣ ከዚያ የጉዳተኛው ሁኔታ ይሁን፤ ባትሪው መሐል ላይ ካለቀ ቦታው አስቀድሞ ተነግሯል።