የአንኮበር ቤተ መንግሥት ኮረብታና ደኑ

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ደጋው እዚህ ያልቅና መሬቱ ቁልቁል ወደ አፋር ይወርዳል። የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ነው። የሸዋ ነገሥታት ግቢ የነበረበት ኮረብታ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ለብቻው ተኮፍሷል።

ስሙን «የአንኮ በር» ብለው የሚፈቱ ብዙ ናቸው። አንኮ የአንድ የኦሮሞ ባላባት ሚስት ነበረች ይባላል። ሌላ የሚሉም ስላሉ እዚህ ላይ አንፈርድም።

በ18ኛው መቶ ዘመን አምኃ ኢየሱስ፣ ከእሱም ቀጥሎ አስፋ ወሰን ከዚህ ሆነው ገዝተዋል።

ብዙ የተጻፈለት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ የመልእክተኞች ጓድ እየመራ ከታጁራ ተነስቶ በአፋር በረሃ አቋርጦ መጣ። የዚያኑ ዓመት ኅዳር ላይ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። እስከ 1843 ሸዋ ቆይቶ ያየውን ሁሉ በዝርዝር ጽፏል። አብሮት የመጣው ጀርመናዊው ሠዓሊ በርናትስ ደግሞ አገሩን በሥዕል አስቀርቶልናል። ኮረብታው ከላይ እስከ ታች በአጥር ላይ አጥር ተደርቦበት፣ ቤተ መንግሥቱ ከጫፉ ላይ የሣር ክዳን ለብሶ፣ የሕዝቡ ጎጆዎች ደግሞ በጽድ መሃል ተበትነው የምናውቀው ከነዚህ ሰዎች ነው። ሃሪስ ንቀት አያጣውም፤ ብዙ ቦታ ላይ ያበሽቃል። ግን ምን ይደረግ፣ ያለሱ ባዶ እጃችንን ነን።

ከጻፋቸው አንዱ የወፍጮው ነገር ነው። ዲሜጥሮስ የሚባል አርመናዊ ለንጉሡ የእህል መፍጫ መኪና ሠራ። ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» አሉና ተዘጋ። ንጉሡ ራሳቸው ግን ለእጅ ሥራ ልባቸው ክፍት ነበር፤ ባለሙያ ይወዱ ነበር።

ከሣህለ ሥላሴ በኋላ ኃይለ መለኮት ነገሡ፤ እ.ኤ.አ. በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ። አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው እ.ኤ.አ. በ1865 ሲመለሱ አንኮበር እንደገና የንጉሥ አገር ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1876 የመጡት የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለ ቦታ ተሰጣቸው። መሪያቸው አንቲኖሪ ወፍና አውሬ ሲያጠና ኖሮ በ1882 እዚያው አረፈ። ምኒልክ እንጦጦ ከወጡ በኋላ ግን ኮረብታው ጭር አለ። ለእኛ ለሰሜን ሸዋዎች አዲስ አበባ የአንኮበር ልጅ ናት።

ዛሬ ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ጥቂት የድንጋይ ግንብ ነው። ሽበት የወረሰው ድንጋይ ነው፤ በስንጥቁ ሣር በቅሎበታል። ትልቅ አዳራሽ አያለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ይከፋዋል። ጫፉ ላይ በድሮው ቤት አሠራር ሎጅ ተሠርቶ ነበር። ዳገቱ አጭር ቢሆንም ትንፋሽ ይቆርጣል፤ ቀስ ማለት ነው። ሰማዩ ከጠራ የአዋሽ ሸለቆ እስከ ሩቅ ይታያል። ደመና ከመጣ ግን አለቀ። ጉሙ ከቆላው ተነስቶ ሲወጣ መጀመሪያ ታች ያለው ቤተ ክርስቲያን ይጠፋል፣ ከዚያ ጽዱ፣ ከዚያ ከፊትህ የሚሄደው ጓደኛህ። ስለዚህ በጠዋት መውጣት ይሻላል፤ ወሩም ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ጥሩ ነው። ጋቢ እንዳይረሳ። የመንገዱን ሰላምም ከመነሳት በፊት መጠየቅ ነው።

ደኑስ የት ነው የሚል ካለ፣ መልሱ ወፍ ዋሻ ነው። በአንኮበር፣ በባሶና ወራናና በጣርማ በር ወረዳዎች የተዘረጋ ጥንታዊ ደን ነው። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ አለው፤ ከፍ ሲባል አስታና ጅብራ ይመጣል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከዚህ ዘር አስመጥተው ነው ይባላል። ገደሉ የጭላዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ በአንኮበር ገደሎች ላይ በሳይንስ የማትታወቅ ትንሽ ቡናማ ወፍ ተገኘች፤ በአገሩ ስም የአንኮበር ሴሪን ተባለች። ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም።

ጊዜ የተረፈው ሰው ቁልቁል አልዩ አምባ ይወርዳል። የአርጎባዎች አገር ነው፤ የአሞሌ ጨው የጫነ የአፋር ቅፍለት ጭነቱን የሚያራግፍበት የጥንት ገበያ ነበር። ሲወርዱ ጋቢው ይወልቃል፣ ሲመለሱ ጉልበት ይንቀጠቀጣል።