«ታቨርን ውስጥ ናችሁ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ተቀምጧል። አንዱ ጉሮሮውን ይጠራርግና ይጀምራል። «ውጭ ዶፍ ዝናብ ነው። ሁላችሁም ታቨርን ውስጥ ናችሁ። ፊቱን የሸፈነ ሰውዬ ጥግ ይዞ ያያችኋል...» አረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ሳቅ ይፈነዳል። ቀልድ ስለነገራቸው አይደለም። ይህን መክፈቻ መቶ ጊዜ ሰምተውታል።

ለማያውቀው ሰው፣ ይህ የጠረጴዛ ሚና ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቾቹ አርፒጂ ይሉታል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል። አንዱ ጦረኛ፣ አንዷ አስማተኛ፣ አንዱ ሌባ ይሆናል። አንድ ሰው ደግሞ የጨዋታው መሪ ነው። ዓለሙን የሚተርከው እሱ ነው፤ ዘንዶውንም፣ ቢራ ቀጂዋንም ሆኖ ይናገራል። «በሩን በእርግጫ እሰብራለሁ» ያለ ተጫዋች ዳይስ (ቁጥር ያለበት የዕጣ ጠጠር) ይጥላል፤ መሰበር አለመሰበሩን ዳይሱ ይፈርዳል። የዚህ ሁሉ አባት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ያወጡት ነው።

ወደ ታቨርኑ እንመለስ። መጠጥ ቤት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ግን የዛሬውን ቡና ቤት ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። በድሮዋ እንግሊዝ ቤቶቹ ሦስት ዓይነት ነበሩ። ቢራው ኤልሃውስ፣ ወይኑ ታቨርን ይሸጣል፤ መንገደኛ ደግሞ ኢን ያድራል። ጨዋታው ሦስቱንም ጨፍልቆ አንድ አደረጋቸው። ታች ይበላል ይጠጣል፣ ፎቅ ላይ ይታደራል፣ ጓሮ ፈረስ ይታሰራል። በነገራችን ላይ የጥንቱ ኤልሃውስ በሩ ላይ ጫፉ ቅጠል የታሰረበት እንጨት ያቆም ነበር፤ «ቢራ አለ» ማለት ነው። ጠላ ቤት በር ላይ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ እያየ ያደገ ሰው ይህ አይገርመውም።

እንዲያውም ጠጅ ቤት ብትሉት ትቀርባላችሁ፤ አዝማሪ ካለበት ደግሞ ይበልጥ። ታቨርን ውስጥም ባርድ የሚባል ዘፋኝ አይጠፋም። በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሕግ ባርድ በስድብ ብቻ ጠላቱን ማቁሰል ይችላል። ዳይስ ተጥሎ ጉዳቱ ይቆጠራል። ሌላ አገር ይህን ሕግ ሲያነቡ ይስቃሉ። አዝማሪ ፊት ተቀምጦ የተሸነቆጠ ሰው ግን ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ታዲያ ታሪኩ ለምን ከዚህ ይጀምራል? ቤተ መንግሥት ወይም ገበያ ቢሆንስ? የጨዋታ መሪን መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ዘንዶው አይደለም። የማይተዋወቁ አራት ሰዎችን እንዴት አንድ ላይ እንደሚያመጣቸው ነው። አንዷ ከጫካ የመጣች ኤልፍ፣ ማለትም ጆሮዋ ሹል የሆነ የተረት ፍጡር ናት። አንዱ ከማዕድን ጉድጓድ የወጣ ድዋርፍ፣ ማለትም አጭርና ጺማም የተረት ፍጡር ነው። አንዱ ከእስር ቤት አምልጧል። ቤተ መንግሥት ዘበኛው አያስገባቸውም። ገበያ ላይ ተላልፈው ይሄዳሉ። መጠጥ ቤት ግን ማንም ማንንም «ምን ልታደርግ መጣህ?» አይልም። የመስፍን ልጅና ኪስ አውላቂ አንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡበት ቤት እሱ ነው።

ወሬም አለ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጋይጋክስ ለጀማሪዎች ባዘጋጀው አንድ ጀብዱ (መሪው የሚተርከው ተዘጋጅቶ የታተመ ታሪክ) ውስጥ የወሬ ሰንጠረዥ አለ። ተጫዋቹ ዳይስ ይጥልና አንድ ወሬ ይደርሰዋል። ነገሩ ጥሩ የሚሆነው ከወሬዎቹ አንዳንዶቹ ውሸት በመሆናቸው ነው። ታዋቂው፣ ጎብሊን ስለሚባሉት ትናንሽ ጭራቆች፣ «ብሪ ያርክ በጎብሊን ቋንቋ እጅ ሰጥተናል ማለት ነው» የሚለው ነው። ተጫዋቹ አምኖ ይሄዳል። ዋሻው ውስጥ ጎብሊኖቹ «ብሪ ያርክ!» ብለው ሲጮሁ ሰይፉን ወደ አፎቱ ይመልሳል። ለካስ ጎብሊኖቹ የድረሱልን ጥሪ እያሰሙ ነው። ያን ቀን የመጠጥ ቤት ወሬ ምን እንደሆነ ይማራል።

ከዋሻ የተገኘው ገንዘብም መውጫ ይፈልጋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተጫዋቾች መጽሐፍ ዋጋውን ቁጭ አድርጎታል። አንድ ኩባያ ቢራ 4 የመዳብ ሳንቲም ነው። መናኛው ማደሪያ ለአንድ ቀን 7 መዳብ፣ የመኳንንቱ 4 የወርቅ ሳንቲም ነው። አንድ ወርቅ 100 መዳብ ስለሆነ፣ መናኛው አልጋ ከሁለት ኩባያ ቢራ ዋጋ ያንሳል ማለት ነው። እዚያ የተኛ ሰው ምን እንዳሳከከው መገመት አያቅትም።

ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ ያውኒንግ ፖርታል የሚባለው ታቨርን ነው። «የሚያዛጋው በር» እንደማለት ነው። ካናዳዊው ኤድ ግሪንውድ በፈጠረው ዓለም፣ ዋተርዲፕ በምትባል ትልቅ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ቤቱ መሀል ላይ ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። ጥልቀቱ 140 ጫማ፣ ማለትም ወደ 43 ሜትር ነው። ከታች አንደርማውንቴን የሚባል፣ ጭራቅ የሞላበት የዋሻ ዓለም አለ። ባለቤቱ ዱርናን በወጣትነቱ ወርዶ ሀብታም ሆኖ የተመለሰ ሰው ነው። ዛሬ ለመውረድ የሚፈልገውን በገመድ ያወርዳል፤ ሂሳቡ አንድ ወርቅ ነው። ለመውጣትም ሌላ አንድ ወርቅ። የመመለሻውን ሳይዝ የወረደ ሰው ሲጮህ አስቡት። ጠጪዎቹ ደግሞ ማን እንደሚመለስ ይወራረዳሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ጀብዱ ውስጥ ተጫዋቾቹ ገና ኩባያቸውን ሳይጨርሱ ከዚሁ ጉድጓድ ትሮል የሚባል ግዙፍ ጭራቅ እየቧጠጠ ይወጣል።

እዚህ ቤት አደጋውና መቀመጫው አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ጥሩ ታቨርን የምለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ያልተመለሰ ጥያቄ ያለበትን ቤት። ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። መጀመሪያ ጨዋታ ስመራ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። የምግቡን ዓይነት፣ የወንበሩን ብዛት፣ የአሥራ አራት ጠጪዎችን ስም። ተጫዋቾቼ አንዱንም አልጠየቁኝም። «ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ሰይፍ የማን ነው?» አሉኝ። ሰይፉን ለማድመቂያ ያህል ነበር የጠቀስኩት። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። «የታቨርኑ ባለቤት የሆነችው ሴት ባል ሰይፍ ነው። ዋሻ ሲሄድ ትቶት ሄደ፤ አልተመለሰም።» ዝም አሉ። «ለምን ሰይፉን ትቶ ሄደ?» አለች አንዷ። ከዚያ በኋላ አራት ሳምንት ያንን ሰውዬ ስንፈልግ ከረምን። አሥራ አራቱ ጠጪዎች እስከ ዛሬ ወረቀቱ ላይ ናቸው።

ጠብ የሌለበት ታቨርን ብርቅ ነው፤ ይህም ጥቅም አለው። የወንበር ውርወራና ቡጢ ማንንም ሳይገድል ለጀማሪ የውጊያውን ሕግ ያስተምራል። መሪዎች ይህን ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ እኔ አላማርርም። እኔን የሚሰለቸኝ ጥግ ላይ ፊቱን ሸፍኖ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። ከጥግ አስነሱትና ቢራ እንዲቀዳ አድርጉት።

አንዳንዴ ተጫዋቾቹ ቤቱን ራሱን ይወርሱታል። ያው ትሮሉ የሚወጣበት ጀብዱ (ልትጫወቱት ካሰባችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት) ሽልማቱ ወርቅ ብቻ አይደለም፤ የተዘጋ አሮጌ መጠጥ ቤት ነው። የቀድሞው ቢራ ቀጂ ሞቷል፤ መንፈሱ ግን ቤቱን አልለቀቀም። ጀግኖቹ ጭራቅ ማሳደዱን ትተው ስለ ጣሪያ ጥገና፣ ስለ ቢራ በርሜልና ስለ ሟቹ ጸባይ ይከራከራሉ። አንዳንዱ ቡድን ከዚያ በኋላ ጀብዱ ውጡ ቢባልም አይወጣም።

ከታቨርን አንወጣም የሚሉ ተጫዋቾችን መሪዎች ሁሉ ያውቋቸዋል። አርነሰን ግን በብላክሙር ዓለሙ ውስጥ ገና ድሮ ከምባክ ኢን የሚባል ቤት ሠርቶላቸዋል። ጠጥታችሁ፣ ከፍላችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ ትወጣላችሁ። ዞር ስትሉ እዚያው ቤት ውስጥ ናችሁ።