«አይም ፋይን» ያለ ሰው ቡናውን ይፈልጋል?

ጥያቄው ደጋግሞ ስለሚነሳ ላብራራው። አይፈልግም። «እንዴት ነህ?» ሲባል «አይም ፋይን» ካለ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ቡና ሲቀርብለት ካለው ግን «ይቅርብኝ፣ አመሰግናለሁ» ነው። እኛ እንግዳ አንዴ እምቢ ቢል «በሞቴ» ብለን እንደግማለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ መልሱን እንዳለ ይወስዳል። ስለዚህ ከራባችሁ አትግደርደሩ፤ ጦማችሁን ትመለሳላችሁ!

«ፋይን» የሚለው ቃል የመጣው «ፊኒስ» ከሚለው ላቲን ነው፤ መጨረሻ፣ ዳርቻ ማለት ነው። በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኩል ሲያልፍ «እስከ መጨረሻው የተሠራ፣ እንከን የለሽ» የሚል ትርጉም ያዘ። «ፋይን አርት» (ሥነ ጥበብ)፣ «ፋይን ዳይኒንግ» (ደረጃው ከፍ ያለ የምግብ ቤት መስተንግዶ) የሚባሉት ከዚህ ነው። ከጥራቱ ጋር ደግሞ የረቂቅነትና የደቃቅነት ትርጉም መጣ። «ፋይን ሳንድ» ደቃቅ አሸዋ ነው። «ፋይን ፕሪንት» በውል ላይ በትንንሽ ፊደል የሚሰፍረው ዝርዝር ነው (እሱን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ)። የትራፊክ ቅጣት «ፋይን» መባሉም ከዚያው ሥር ነው፤ ድሮ ክርክርን ለመቋጨት የሚከፈል ገንዘብ ነበር።

እስከዚህ ያለው እርግጥ ነው። እንደ ሰውና እንደ ድምፁ የሚለያየው ሌላ ነው። አለቃችሁ ስለ ሥራችሁ «ኢትስ ፋይን» ካለ ብዙውን ጊዜ «ይሁን፣ ያስኬዳል» ነው እንጂ አድናቆት አይደለም። «ፋይን ጆብ» ካለ ግን ደስ ይበላችሁ። በጭቅጭቅ መሃል ቆረጥ ተደርጎ የሚወረወር «ፋይን!» ደግሞ «በቃ፣ እንዳሻህ!» ነው። ያኔ ሰውየው ደህና አይደለም።