አልበከርኪን በረሃ ብለው ለሚመጡ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በረሃ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው አፋርን ነው፤ ቆላ፣ ሐሩር፣ አሸዋ። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ያለችው አልበከርኪ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች፣ በእኛ አነጋገር የወይና ደጋ ከተማ ናት። በረሃ ያሰኛት የዝናቧ ማነስ ነው፤ በዓመት ከ220 ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም። በምሥራቅ በኩል የሳንዲያ ተራራ እስከ 3,255 ሜትር ይወጣል፤ ከእንጦጦ የማይተናነስ ከፍታ ነው። ለዘመድ ጥየቃ መጥተው «እስቲ ወጣ እንበል» የሚሉ እንግዶች ድርቀቱን ያስባሉ፣ ከፍታውን ይረሱታል። ከታች ያሉት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚያ ነው።

«በረሃ ስለሆነ ቲሸርት ይበቃል»

ለከተማው፣ ለዚያውም በጁላይ ቀትር፣ ይበቃ ይሆናል። ከከተማው ጫፍ የሚነሣው የገመድ መኪና ግን 4.3 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ15 ደቂቃ ውስጥ ወደ 3,160 ሜትር ያደርሳችኋል። እዚያ ሙቀቱ ከከተማው በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ያንሳል፤ ነፋሱ ሳይቆጠር። ከተማው ውስጥም ቢሆን ደረቅ አየር ሙቀት ስለማይዝ ፀሐይ እንደጠለቀች ብርዱ ይገባል። በጋም ቢሆን ጃኬት ያዙ። ብርድ ነው ብሎ ባርኔጣና ሰንስክሪን መተውም ያው ስሕተት ነው፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጥቁር ቆዳ ቢቋቋመውም ጨርሶ አያመልጠውም።

«አዲስ አበባ ነው ያደግሁት፤ ከፍታ አይነካኝም»

ከእኛ ሰው አፍ በብዛት የሚሰማው ይኼኛው ነው። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው አተነፋፈሱን በማስተካከልና ቀይ የደም ሴሎችን በመጨመር ነው። ይህ ልምድ እንደ ልደት ቦታ ዕድሜ ልክ አብሮ አይኖርም፤ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ሲኖሩ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ዓመታትን በሂዩስተን ወይም በዋሽንግተን ዲሲ ያሳለፈ የአራት ኪሎ ልጅ ሳንዲያ ላይ ሲወጣ እንደማንኛውም የቆላ ሰው ያለከልካል፤ ራሱን ሊያመውም ይችላል። ብዙ የረጅም ርቀት ሯጮች ለልምምድ ወደዚህች ከተማ መጥተው ሳምንታት የሚቆዩት ይህን ልምድ ለማግኘት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ለቦስኬው ስጡት። ይህ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር ያለው የኮተንዉድ ዛፎች ደን ነው፤ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም አስፋልት የለበሰ ሜዳማ መንገድ አለው፣ ለእግርም ለብስክሌትም ይመቻል። ወደ ሳንዲያ ጫፍ የሚወጣው የላ ሉዝ የእግር መንገድ ይቆያችሁ፤ እሱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል። በእግር ወጥቶ በገመድ መኪናው መውረድ የተለመደ ነው፤ ግን ለነፋስ፣ ለመብረቅና ለጥገና ይቆማል። ሳይጠይቁ ወጥተው በመሸ ጊዜ ያን ሁሉ መንገድ በጉልበት መውረድ ለማንም አልመክርም።

«ዝናብ በሌለበት አገር ጎርፍ ምን ያስፈራል?»

በጣም ያስፈራል። ትንሿ ዝናብ ጉልህ ክፍሏ የምትወርደው ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር፣ ከሰዓት በኋላ በሚፈነዳ ነጎድጓድ ነው። ደረቁ መሬት ውሃውን ቶሎ አይመጠውም። ተራራው ላይ ሲዘንብ ከተማው ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ደራሽ ውሃው ግን በደረቅ ወንዞቹና በኮንክሪት በተሠሩት የጎርፍ መውረጃዎች በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። የኮንክሪቱ ግድግዳ ያዳልጣል፣ የሚጨበጥ ነገርም የለውም። የአካባቢው ልጆች ከትንሽነታቸው ወደዚያ እንዳይገቡ ይነገራቸዋል፤ ለብስክሌትና ለስኬትቦርድ የሚያጓጓ መስሎ የሚታየው ግን ለእንግዳ ነው። ተራራ የምትወጡም ጎሕ ሲቀድ ተነሡና ከቀትር በፊት ከጫፉ ውረዱ፤ መብረቁ ቀጠሮ አይሰጥም።

«ውሃ እስከጠጣሁ ድረስ ችግር የለም»

ላቡ ወዲያው ስለሚተን ብዙ ውሃ እያጣችሁ መሆኑን አታውቁትም፤ መጠጣቱ ግድ ነው። ግን ለሰዓታት ውሃ ብቻ መጋት የደምን ጨው ያቀጥናል፣ ያስታውካል፣ ሲከፋም ራስን ያስታል። ጨው ያለው ምግብ ይዛችሁ ውጡ። ቆሎና ኦቾሎኒ ከማንኛውም የታሸገ ነገር አያንስም።

«ራትል ስኔክ ሳያንኳኳ አይነድፍም»

ይህ ጅራቱን የሚያንኳኳ መርዛማ እባብ ሳያስጠነቅቅም ይነድፋል። እጃችሁንና እግራችሁን የማታዩት ድንጋይ ሥር አትስደዱ። ከነደፈ መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር የለም፤ ወደ 911 መደወልና ሆስፒታል መድረስ ብቻ።

«ባሉን ነፋስ ወደ ወሰደው እንጂ ወደ ፈለጉት አይሄድም»

እ.ኤ.አ. በ1972 ሰው በሚጭኑ 13 የሞቀ አየር ባሉኖች ተጀምሮ ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሚነሡበት የኦክቶበር ፌስቲቫል እዚህ የተደላደለው ይህ አባባል በከፊል ስለማይሠራ ነው። በቀዝቃዛ ጠዋት ከመሬት አጠገብ ያለው አየር የወንዙን ሸለቆ ተከትሎ ወደ ደቡብ ይፈስሳል፤ ከፍ ሲባል ደግሞ ነፋሱ ወደ ሰሜን ይመለሳል። አብራሪው ዝቅ ብሎ ይሄድና ከፍ ብሎ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ከተነሣበት ሜዳ አጠገብ ያርፋል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ግን ሁለቱ የአየር ንብርብሮች ይደባለቃሉ። ስለዚህ ገና ሳይነጋ፣ ካፖርት ለብሳችሁ ድረሱ፤ አርፍዶ የመጣ የሚያገኘው የተጠቀለለ ባሉንና የመኪና ሰልፍ ነው።