ሲወደድ የሚፈለግ፦ «የቬብለን ዕቃ» ምንድን ነው?

ዋጋ ሲጨምር ፈላጊ ይቀንሳል፤ የተለመደው ይሄ ነው። «የቬብለን ዕቃ» የሚባለው ግን ሲወደድ ጭራሽ ይፈለጋል። ስሙን ያገኘው በ1899 እ.ኤ.አ. ስለ ታይታ ግዢ ከጻፈው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ከቶርስታይን ቬብለን ነው።

ግር የሚለው እዚህ ጋ ነው፤ ውድ የሆነ ሁሉ የቬብለን ዕቃ አይደለም። መድኃኒትም ይወደዳል፣ ግን ስለተወደደ የሚመርጠው የለም። የቅንጦት መካኒካል ሰዓትን እንይ። በቀን ጥቂት ሰከንዶች ሊስት ይችላል፤ በባትሪ የሚሠራው ርካሹ የኳርትዝ ሰዓት በትክክለኛነት ይበልጠዋል። ሰዓት ለማወቅማ ስልክ አለ! ገዢው የከፈለው እጅጌውን ሰብሰብ ሲያደርግ ለሚያየው ሰው ጭምር ነው። ነገ በግማሽ ዋጋ ቢሸጥ ሰዓቱ ያው ነው፤ ትናንት የገዛው ሰው ግን ይበግናል።

ኩባንያዎቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የብሪታንያው የቅንጦት ልብስ ኩባንያ በርበሪ (Burberry) እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ያልተሸጠ ዕቃውን ያቃጥል ነበር፤ በርካሽ ወጥቶ ስሙን እንዳያወርደው።