ጀነሬቲቭ ኤአይ በሠራተኞች ሥልጠና

ጀነሬቲቭ ኤአይ፣ ወይም በአማርኛ እየተለመደ በመጣው ስሙ አመንጪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ሲጠየቅ ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ሥዕልና ቪዲዮ አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ቴክኖሎጂ ነው። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ የመሥሪያ ቤቶችን የሥልጠና ክፍል በር ለማንኳኳት ጊዜ አልፈጀበትም። እዚያም ሦስት ሥራ አግኝቷል። ለአሠልጣኙ ጽሑፍና ፈተና ያረቃል፤ ለሠልጣኙ የሚለማመድበት ተነጋጋሪ ይሆናል፤ ሥራ ላይ ላለው ሠራተኛ ደግሞ እዚያው በሥራው መሀል ምክር ያቀብላል። ሦስቱም በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ውጤታቸው ይለያያል። አንዳንዱ አጠቃቀም ሠራተኛውን ያስተምረዋል፣ አንዳንዱ ሥራውን ይሠራለታል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው መሣሪያው የጠፋ ቀን ነው።

ከአዳራሽ ወደ ስክሪን

ማሽን ሰውን ያስተምር የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የማስተማሪያ ማሽን ሠርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ የተባለውን በኮምፒውተር የማስተማር ሥርዓት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ድርጅቶች የለመዱት የኢንተርኔት ኮርስ መልኩ ይታወቃል፦ ስላይድ ይነበባል፣ «ቀጥል» ይጫናል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት የምርጫ ጥያቄ ይመጣል፣ ሰርተፊኬት ይወጣል። በእኛ አገር ደግሞ ሥልጠና ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ያለ የሆቴል አዳራሽ፣ ፓወርፖይንት፣ የሻይ ዕረፍትና የውሎ አበል ነው። ሁለቱም ጋ የሚጎድለው ሠልጣኙ ተሳስቶ የሚታረምበት ልምምድ ነው። አንድ አሠልጣኝ አርባ ሰው ፊት ቆሞ እያንዳንዱን ላለማምድ ቢል ቀኑ አይበቃውም።

አሜሪካዊው የሥልጠና ምዘና ምሁር ዶናልድ ከርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ሥልጠና በአራት ደረጃ እንዲመዘን ሐሳብ አቅርቧል፦ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ሥራው ላይ አዋለው ወይ፣ ድርጅቱስ ምን አተረፈ። ከአዳራሹ ስንወጣ የምንሞላት ቅጽ የመጀመሪያውን ብቻ ትጠይቃለች። ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶም አዲሱ ቴክኖሎጂ የሚፈተነው በእነዚሁ ጥያቄዎች ነው።

ምን ይሠራበታል

በብዛት የሚሠራበት ቀላሉ ነው፤ ማርቀቅ። የ80 ገጽ የአሠራር መመሪያ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ውስጥ የአንድ ሰዓት ትምህርት፣ የመለማመጃ ሁኔታዎችና ጥያቄዎች ያወጣል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎችና ድርጅቶች የሚታወቀው ሙድል የተባለው የማስተማሪያ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 4.5 ዕትሙ ኤአይን ማገናኛ ሥርዓት ጨምሯል። ይህ የአሠልጣኙን ጊዜ ይቆጥባል፤ ሠልጣኙ ጋ ሲደርስ ግን ያው ስላይድ ነው። እንዲያውም ማዘጋጀቱ ስለቀለለ ብቻ ማንም የማያነበው ኮርስ እንዳይበዛ ያሰጋል።

ሁለተኛው አጠቃቀም፣ ማለትም የሚና ልምምዱ፣ ይሻላል። ሞዴሉ፣ ማለትም መልስ የሚያመነጨው የኤአይ ፕሮግራም፣ «ገንዘቤ ተቆርጦብኛል» ብሎ የተቆጣ ደንበኛ ይሆናል፣ ሠልጣኙ ያናግረዋል፣ ሲያበቃ ሞዴሉ የት ላይ እንደተቻኮለና ምን መጠየቅ እንደረሳ ይነግረዋል። በአሜሪካ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በራሱ የሠራተኞች ማሠልጠኛ አካዳሚ እንዲህ ያለ የውይይት ማለማመጃ ይጠቀማል። ሰው ፊት መሳሳት የሚያሳፍረው ጀማሪ ማሽን ፊት አሥር ጊዜ ቢሳሳት ማንም አይሥቅበትም። ጠዋት አምስት ጊዜ ተለማምዶ ከሰዓት መስኮት ላይ የሚቀመጥ ሠልጣኝ ከዚህ በፊት የነበረው ዕድል የመጀመሪያውን ስሕተት በእውነተኛ ደንበኛ ላይ መሥራት ነበር።

ሦስተኛው ሥራ ላይ የሚሰጠው ምክር ነው። እዚህ ላይ ሞዴሉ ከራሱ ትዝታ ብቻ እንዳይመልስ አስቀድሞ የድርጅቱን ሰነዶች ይፈልጋል፣ ያገኘውንም አንብቦ ከዚያ ይመልሳል። ይህን አሠራር የፌስቡክ የኤአይ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጽሑፍ «ሪትሪቫል-ኦግመንትድ ጀነሬሽን» (RAG) የሚል ስም ሰጥተውታል። መልሱ ከሰነዱ የተሻለ ሊሆን ስለማይችል፣ መመሪያው ራሱ ያረጀ ወይም እርስ በርሱ የሚጋጭ መሥሪያ ቤት ያንኑ ግጭት በጥሩ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ያገኘዋል።

መሣሪያው ሲጠፋ

በዚህ ጉዳይ ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ጥናት የኤሪክ ብሪንዮልፍሰን፣ የዳኒዬል ሊ እና የሊንዚ ሬይመንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የወጣው ይህ ጥናት ለአንድ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ የሚሠሩ፣ አብዛኞቹ ፊሊፒንስ ያሉ 5,179 የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞችን ተከታትሏል። ሠራተኛው ከደንበኛ ጋር በጽሑፍ ሲነጋገር ሞዴሉ በጎን «እንዲህ ብትለው» እያለ ሐሳብ ያቀርብለታል፤ መቀበልም መተውም የእሱ ፈንታ ነው። በሰዓት የሚፈቱት የደንበኛ ችግር በአማካይ በ14 በመቶ ጨመረ። የጀማሪዎቹና የደካሞቹ ዕድገት 34 በመቶ ሲደርስ የነባሮቹ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። መሣሪያውን ይዞ ሁለት ወር የሠራ ጀማሪ ያለ መሣሪያው ስድስት ወር ከሠራው ጋር እኩል ሆነ።

ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሞዴሉ የተማረው ከጎበዞቹ ሠራተኞች ንግግር ነበር። የእነሱን ዘዴ ወስዶ ለጀማሪው አቀበለው። ድሮ ረዳቱ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ እያየ የሚለምደው ዓይነት ነገር ነው፤ ልዩነቱ ሹፌሩ እያስተማረ መሆኑን አለማወቁ፣ ለማስተማሩም አለመከፈሉ ነው። ይህን የክፍያ ጥያቄ አጥኚዎቹ ራሳቸው አንሥተውታል፤ በሥልጠና ክፍሎች ስብሰባ ላይ ግን ቦታ ሊሰጠው የሚገባውን ያህል አይሰጠውም።

ለእኔ ከመቶኛዎቹ የበለጠ የሚናገረው ሌላው ግኝት ነው። ሥርዓቱ አንዳንዴ በብልሽት ይቋረጥ ነበር። በእነዚያ ሰዓታት መሣሪያውን ሲጠቀሙበት የቆዩት ሠራተኞች ወደ ድሮ ፍጥነታቸው አልተመለሱም፤ በተለይ ምክሩን በቅርብ ሲከተሉ የነበሩት። ማለትም ትምህርቱ እጃቸው ላይ ቀርቷል።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቱርክ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ሆኗል። ተራውን ጂፒቲ-4 (ከቻትጂፒቲ ጀርባ ካሉት ሞዴሎች አንዱን) ይዘው ሒሳብ የተለማመዱት በልምምዱ ጊዜ ውጤታቸው በ48 በመቶ ከፍ አለ፤ መሣሪያው ተወስዶ ሲፈተኑ ግን ጭራሹን ካልነኩት ተማሪዎች በ17 በመቶ አነሱ። መልስ ከመስጠት ይልቅ ፍንጭ እንዲሰጥ የተዘጋጀውን የተጠቀሙት በልምምዱ በ127 በመቶ በልጠው፣ በፈተናው ላይ ያ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ተማሪዎቹ ሠራተኞች አይደሉም፤ ነገር ግን ልዩነቱን ያመጣው ትእዛዙ ስለሆነ ለመሥሪያ ቤትም ይሠራል። ያው ሞዴል ነው፤ «መልሱን አትንገረው፣ እስኪሞክር ጠብቅ» መባሉ ነው የለየው።

ልምድ ያለውም ሠራተኛ ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2023 በ758 የቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ አማካሪዎች ላይ በተደረገው ጥናት ለሞዴሉ በሚመቹት ሥራዎች ላይ የተጠቀሙበት 12.2 በመቶ የበለጠ ሥራ በ25.1 በመቶ በፈጠነ ጊዜ ጨረሱ፤ የሥራቸው ጥራትም ከፍ አለ። ከአቅሙ ውጪ እንዲሆን ተደርጎ በተመረጠው ሥራ ላይ ግን ትክክለኛ መልስ የማግኘት ዕድላቸው ካልተጠቀሙት በ19 የመቶኛ ነጥብ ዝቅ አለ። ስለ አጠቃቀሙ አጭር ሥልጠና የወሰዱት ደግሞ ካልወሰዱትም ባሱ፤ የግማሽ ቀን «የፕሮምፕት ሥልጠና»፣ ማለትም ለሞዴሉ ትእዛዝ የመጻፍ ሥልጠና፣ የሚሸጡ ሰዎች ይህን ሲጠቅሱ ሰምቼ አላውቅም።

ስሕተትና ምስጢር

ሞዴሉ የማያውቀውንም እንደሚያውቀው በተረጋጋ አነጋገር ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ በአቪያንካ አየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በእውን የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ሥልጠና ላይ ይህ የበለጠ ያስፈራል፤ ነባሩ ሠራተኛ ስሕተቱን ሊይዘው ይችላል፣ ጀማሪው የሚያመሳክርበት ዕውቀት የለውም። የምስጢርም ጉዳይ አለ። በዚያው ዓመት የሳምሰንግ ሠራተኞች የኩባንያውን ኮድ ቻትጂፒቲ ውስጥ በመለጠፋቸው ኩባንያው አጠቃቀሙን አግዷል። የአውሮፓ ኅብረት የኤአይ ሕግ አንቀጽ 4 ከፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025 ጀምሮ ኤአይ የሚጠቀሙ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸው ስለ ቴክኖሎጂው በቂ ዕውቀት እንዲኖራቸው እንዲያደርጉ ያዛል።

በኢትዮጵያና በአማርኛ

በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት የተቋቋመው የአሁኑ የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር፣ እንዲሁም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዚህ ሥራ መሬቱን እያዘጋጁ ነው። አዋጁ ለሥልጠና ክፍሎችም ይመለከታቸዋል፤ ሠልጣኙ ከማሽኑ ጋር ሲለማመድ የተሳሳተው ሁሉ ይመዘገባል፣ ያ መዝገብ ስለ አንድ ሰው የተያዘ ዳታ ነው። ለዕድገት ውድድር ወይም ለሥራ አፈጻጸም ምዘና እንዳይውል አስቀድሞ ካልተነገረው ሠልጣኙ ጠንቃቃ መልስ ብቻ ይሰጣል፣ ልምምዱም ያኔ ያበቃል።

ብዙ መሥሪያ ቤት መመሪያው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሥራው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ የአካባቢ ቋንቋ ይሠራል። የእንግሊዝኛውን ሰነድ አንብቦ በአማርኛ የሚያስረዳ ረዳት ትልቅ ክፍተት ይሞላል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል። በኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ የላቲኑ 1 ብቻ ይበቃዋል፤ ሞዴሎቹም ጽሑፍን የሚቆራርጡት በብዛት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ በተለመደ ዘዴ ስለሆነ አማርኛ በብዙ ቁራጭ ይቆጠራል፣ ክፍያውም በቁራጭ ነው። በድምፅ በኩል ማይክሮሶፍት መቅደስና አመሃ የተባሉ ሁለት የአማርኛ አንባቢ ድምፆች አሉት፤ ለቪዲዮ ትምህርት ያገለግላሉ።

የሚና ልምምዱ በአማርኛ ሲሆን የሚያስቸግረው አጠራሩ ነው። ሞዴሉ «ውድ ደንበኛችን» ማለት ይቀናዋል፤ ያንኑ ደንበኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር «አንተ» ብሎ በሚቀጥለው «እርስዎ» ሊለው ይችላል። መስኮት ላይ የተቀመጠች ልጅ የጡረታ ደብተራቸውን ይዘው ለመጡ እናት «እማማ፣ ይቀመጡ፣ እኔ እሞላልዎታለሁ» ብላ ነው የምትጀምረው፤ እኩያዋን እንደዚያ ብትለው ይሥቅባታል። ስለዚህ ልምምዱን የሚያዘጋጅ ሰው መጀመሪያ ከነባር የመስኮት ሠራተኞች ጋር ቁጭ ብሎ ለማን ምን እንደሚሉ ቃል በቃል ጽፎ፣ ያንን ከመመሪያው ጋር አብሮ ለሞዴሉ መስጠት ይኖርበታል። አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል፤ ሥራውን ሲሠሩ የኖሩት ሰዎች ለአስተዋጽኦዋቸው የሚከፈላቸውም ያን ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው።