«ጠበል ከጀመርሽ መድኃኒቱን ተዪው» እና ሌሎች የአልጋ ዳር ምክሮች

አክስቴ ካንሰር ይዟት ደብረ ብርሃን እቤታችን ስናስታምማት ጠያቂ ጠፍቶ አያውቅም። ሰው እንጀራ ይዞ ይመጣል፣ ምክርም ይዞ ይመጣል። እንጀራው ጠቅሞናል። ከምክሩ ግን ግማሹ ቢቀርብን ይሻል ነበር።

«ጠበል ከጀመርሽ መድኃኒቱን ተዪው»

ይሄኛው ሰው ይጎዳል። እኛ ሰሜን ሸዋዎች ጻድቃኔ ማርያምም ሸንኮራ ዮሐንስም አሉልን፤ የታመመ ሰው ሱባኤ መግባት ቢያምረው አይገርምም። ችግሩ ሕክምናውን ጥሎ የገባ እንደሆነ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አላለችም። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤችአይቪ ሲናገሩ፣ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት አይደለም፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ብለዋል። ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል።

ኬሞ፣ ማለትም የካንሰሩ መድኃኒት፣ በዙር ነው የሚሰጠው፤ ብዙ ጊዜ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ። ዙር ሲዘለል ካንሰሩ ፋታ ያገኛል። በዚያ ላይ ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ በሽተኛው በቀላሉ ኢንፌክሽን ይይዘዋል። ሌሊት በእኛ ብርድ፣ ከሰው ጋር ተጋፍቶ ከመጠመቅ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ነው። የአክስቴ ንስሐ አባት ይሄ ገብቷቸው እቤት ድረስ መጥተው ጸለዩላት።

«ቀንዲል ለሚሞት ሰው ነው»

አክስቴም እንዲህ ነበር የምታስበው። ቀንዲል፣ ማለትም ቀሳውስት ለታመመ ሰው ጸልየው የሚቀቡት ዘይት፣ ሲባል «ተስፋ ቆረጣችሁብኝ ማለት ነው?» ብላ አለቀሰች። ቄሱ ሳቁ። «እኔ አምና ለጉልበቴ ተቀብቻለሁ፤ ይኸው አለሁ» አሏት። ያዕቆብ 5፥14 የሚለው የታመመ ሰው ቀሳውስትን ይጥራ ነው። የሚሞት አይልም።

«ኃጢአት ቢኖርባት ነው»

ዮሐንስ 9ን ያነበበ ሰው ይህን አይልም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠየቁ። ጌታ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም ብሎ መለሰ። አለቀ።

«ሳትጾም ምን ጸሎት አላት?»

ለታመመ ሰው ጾም ይቀልለታል። ንስሐ አባትን መጠየቅ ነው፣ ጎረቤትን ሳይሆን።

«አስታማሚዋ ምን ሆነች? ጤነኛ ናት»

እናቴን ማንም «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አላላትም። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለየዙሩ በሽተኛ ይዞ መሄድ፣ ይዞ መመለስ፣ ሌሊቱን ሲያስመልሳት ሳፋ ይዞ መቆም። ሁሉም «እግዜር ብርታቱን ይስጥሽ» ብሎ ይወጣል። እኔ ግን ዘጸአት 17 ትዝ ይለኛል። ሙሴ እጁ ሲዝል አሮንና ሖር ጽና አላሉትም። ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ሆነው እጁን ደገፉለት። ለሙሴ እንኳ ሁለት ሰው አስፈልጎታል።

አንድ ማታ የሰንበቴ ጓደኛዋ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ምንም አልመከረችም። «ዛሬ እኔ ነኝ የማድረው። አንቺ ጓዳ ገብተሽ ተኚ» አለቻት።

እናቴ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኛች።